የእሌኒ ደብዳቤ፦ ከጎጃም ግብር እስከ ሊዝበን ቤተ መንግሥት



በ1533 ለንደን ከተማ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ነገሩን የመዘገቡት በብዛት እነሱ ናቸውና አቆጣጠራቸውን ልዋስ። መጽሐፏን ወደ እንግሊዝኛ የመለሳት ጆን ሞር ይባላል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ከሁለት ዓመት በኋላ አንገቱን ያስቀላው የታወቀው የቶማስ ሞር ልጅ ነው። ላቲኑን ከአንድ ዓመት በፊት አንትወርፕ ላይ ያሳተመው ደግሞ ዳሚያኦ ደ ጎይስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነበር። በርእሷ ላይ የሰፈረው፣ ታላቁ የህንድ ንጉሥ ቄስ ዮሐንስ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል መልእክተኛ እንደላከ ነው። ገልጦ ለሚያነባት ሰው ግን ውስጧ ያለው ሌላ ነው። ደብዳቤው የአንዲት ሴት ደብዳቤ ነው፤ ሴትዮዋ የኢትዮጵያ ንግሥት እሌኒ ናት፤ ጉልቷም ይኸው አሁን የተቀመጥንበት ጎጃም ነበር።

ያን ጊዜ አውሮፓውያን ከእስላም አገሮች ባሻገር ቄስ ዮሐንስ የሚሉት ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ አለ ብለው ያምኑ ነበር። ለብዙ ዘመን እስያ ውስጥ ፈለጉት፤ ሲያጡት ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ፣ ማንም ይጻፈው ማን፣ የቄስ ዮሐንስ ነው ይባላል። እሌኒ በራሷ ደብዳቤ ርእስ ላይ ስሟን ያጣችው እንዲህ ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ የተሻለ ያደረግንላት አይመስለኝም። በዚህ አገር የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ማን አሠራው ቢባል ልጅ እንኳ እሌኒ ይላል። ሌላስ ምን ሠራች ሲባል ግን ወሬው ያጥራል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሌላው ሥራዋ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ የተለየ አድርጌ አላየውም፤ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ጎተራ ነው።

እሌኒ የጎጃም ልጅ አይደለችም። ሐድያ ናት፤ የገራድ መሕመድ ልጅ፣ በእስልምና ያደገች። ሐድያ ለዐፄዎቹ የሚገብር፣ ግን ፈረሰኛው የሚያስፈራ አገር ነበር። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አገባት፤ ተጠምቃም እሌኒ ተባለች። እንዲህ ያለ ጋብቻ በዚያ ዘመን በሁለት አገር መካከል የሚቆም ውል ነው። ዛሬ አምባሳደር የሹመት ደብዳቤውን ይዞ ይሄዳል፤ እሷን ግን ደብዳቤ አድርገው ነው የላኳት።

ውሉ ደግሞ አልጸናም። የአባቷን ወንበር የያዘው ማሒቆ ግብር እምቢ ብሎ አመፀ። ማሒቆ የመሕመድ ልጅ ነው፤ ለእሌኒ ወንድሟ ማለት ነው። የዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው አጎቱ ባሞ ከንጉሡ ጋር ወገነ፤ ማሒቆም ተገደለ። እንግዲህ የአመፀኛው እኅት በንጉሡ ግቢ ውስጥ ናት። ግቢውስ የማን ነው? ዘርዓ ያዕቆብ የገዛ ልጆቹን በጥርጣሬ ያስገረፈ ሰው ነው። ከሚስቶቹ አንዷ ጽዮን ሞገሳ፣ ልጇን ለማንገሥ አሲራለች ተብላ ተገርፋ፣ በዚያው ጦስ ሞተች። ከዚያ ግቢ በክብር ለመውጣት መቼ መናገር፣ መቼ መስማት፣ ለማን መቅረብ እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ሙያ ዛሬ ዲፕሎማሲ እንለዋለን። እሌኒ የተማረችው ነፍሷን አስይዛ ነው።

ዘርዓ ያዕቆብ ሲሞት የነገሠው የዚያች የተገረፈችው ሴት ልጅ፣ በእደ ማርያም ነው። የእንጀራ እናቱን እሌኒን በእናቱ ቦታ አስቀመጣት። ዜና መዋዕሉ ስለእሷ የሚለው ነገር ደስ ይላል፦ እምነቷን፣ መጻሕፍት ማወቋን፣ ሕግ ማወቋን፣ የመንግሥት ነገር መረዳቷን፣ የንጉሥ ማዕድ ማዘጋጀት መቻሏን አንድ ላይ ይቆጥራል። ወጡና ሕጉ በአንድ ትንፋሽ መጠራታቸው ለዛሬ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። የንጉሥ ግብር ማለት ግን ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚጎርስ የሚወሰንበት አደባባይ ነው። ግብር ማብላት የቻለ ሰው ስብሰባ መምራት ቻለ ማለት ነው፤ ይህን ጎጃሜ ለጎጃሜ ማስረዳት የለበትም።

በ1478 በእደ ማርያም ሞተ፤ ሕፃኑ እስክንድር ነገሠ። የሞግዚትነቱ ሽኩቻ ረጅም ነው፤ አልገባበትም። እሌኒ አንዳንዴ ገለል እያለች፣ አንዳንዴ እየተመለሰች አለፈችው። ከእስክንድር በኋላ ሌላ ሕፃን ለወራት ነገሠና ሞተ። ከዚያ ናዖድ፤ በ1508 ናዖድ ሲሞት ደግሞ ገና አሥራዎቹን የጀመረው ልጁ ልብነ ድንግል። በዚህ ጊዜ እሌኒ ያረጀች ሴት ናት፤ የአምስት ነገሥታት ዘመን አይታለች። መኳንንቱና ካህናቱ የልጁን መንግሥት እንድትጠብቅ ከመረጡት መካከል የቀደመችው እሷ ሆነች።

እዚህ ላይ ስለ ጎጃም እናውራ። በዚያ ዘመን ደመወዝ የለም። አንድ ሹም ወይም አንዲት ንግሥት የሚኖራቸው ኃይል በጉልታቸው ልክ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየውና ያየውን ሁሉ የጻፈው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጎጃም የንግሥት እሌኒ አገር እንደነበር ይመሰክራል። እሷ ከሞተች በኋላ የጎጃም ግብር ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲገባ በዓይኑ አይቷል፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶችና በቅሎዎች፣ ሸክም ጥጥ ልብስ፣ ከኋላቸውም ወርቅ፤ ሰልፉ አልቆ አያልቅም ነበር። ይህ ሀብት እሷ በሕይወት ሳለች በእጇ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሀብት አንዱ ድርሻ መርጡለ ማርያም ሆነ። ቦታው ከእሷ በፊት የከበረ ነው፤ በአካባቢው ትውፊት ከአክሱም፣ ከተድባበ ማርያምና ከጣና ቂርቆስ ጋር የኦሪት መሥዋዕት ከተሠዋባቸው አራት ስፍራዎች ይቆጠራል። እሌኒ ግን እንደገና አሠራችው። ለሥራው ከጠራቻቸው ሰዎች አንዱ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። ይህ ሰው የፖርቱጋል ንጉሥ ሰላይ ነበር። አረብ ነጋዴ መስሎ ካይሮን፣ ኤደንን፣ የህንድን ወደቦች አዳርሶ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ፤ እንዳይመለስ ከለከሉት፤ ርስት ሰጥተው፣ ሚስት አጋብተው አስቀሩት። ኋላ ለአልቫሬዝ እንደነገረው፣ በጎጃም ባለው የንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያን የመንበሩን አሠራር ሊያሳይ ተጠርቶ ሄዷል፤ ሥራው ከእንጨትና ከወርቅ ነበር።

ንግሥቲቱ ከዚህ ሰው ጋር ስለ መንበር ብቻ ተነጋግራ ተለያየች ብዬ አላምንም። ኮቪልያ አገሩን፣ የአገሩን መርከቦች፣ የህንድን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው። የታሪክ ጸሐፊዎችም በደብዳቤዋ ላይ የእሱ ምክር እንዳለበት ይናገራሉ። እንግዳን በግዞት ማስቀረት የዐፄዎቹ ልማድ ነበር። ግዞተኛውን ቁጭ አድርጎ ስለ ባሕር መጠየቅ ግን ልማድ አልነበረም።

ስለ ባሕሩ እንመልከት። በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ ህንድ ደረሰ። የቅመማ ቅመም ንግድ በቀይ ባሕር በኩል የካይሮን ሱልጣን ሲያበለጽግ የኖረ ነው፤ አሁን ተፎካካሪ መጣበት። ሱልጣኑ መርከቦች አሠርቶ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ላከ። ካይሮ ለኢትዮጵያ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጳጳሱ የሚመጣው ከእስክንድርያ በካይሮ በኩል ነው፤ የኢየሩሳሌም መንገድም የሚያልፈው በዚያው ነው። ሱልጣኑ ሲቆጣ ኢትዮጵያ ያለ ጳጳስ ትቀራለች። በምሥራቅ ደግሞ የዘይላው ማሕፉዝ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም፣ ሠራዊቱ በጾም በደከመበት ወቅት እየጠበቀ ይዘምት ነበር።

እሌኒ ከእስላሞቹ ጎረቤቶች ጋር ሰላምና ንግድ እንዲኖር ትሻ እንደነበር የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ጽፈዋል፤ በትውልዷም ሁለቱን ወገን ታውቅ ነበር። ሰላሙን እየፈለገች ባሕሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ደግሞ ታይ ነበር። እኔ ይህን መቃረን አልለውም፤ አንድ እጅ ለሰላም ተዘርግቶ ሳለ ሌላው ወዳጅ ሲፈልግ ማየት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው።

በ1508 ገደማ ከፖርቱጋል መርከቦች የወረዱ ጥቂት መልእክተኞች በዘይላ አቅጣጫ ተሻግረው ግቢ ደረሱ። እሌኒ ምላሽ አዘጋጀች። ደብዳቤው የተጻፈው በ1509 ነው። ሐሳቡን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። በሥላሴ ስም ሰላምታ ካቀረበች በኋላ፣ የካይሮው ገዥ የፖርቱጋልን መርከቦች ለመውጋት መርከብ እያዘጋጀ መሆኑን ሰምተናል ትላለች። እኛ የየብስ ሰዎች ነን፤ መርከብ የለንም፤ እናንተ ግን በባሕር ትበረታላችሁ፤ መርከባችሁ ይምጣ፣ ተዋጊውንና ስንቁን እኛ እንችላለን። የምታቀርበው ስንቅ እንደ ተራራ የሚቆለል ነው። ልጆቻችንም ይጋቡ ብላ ጨምራለች። ከኢየሩሳሌም ከተገኘ የጌታ መስቀል ግማድ ነው ያለችውንም መስቀል ከደብዳቤው ጋር ላከች።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛው፣ ወሬዋ ትክክል ነበር። የካይሮ መርከቦች በ1508 ቻውል ላይ ከፖርቱጋሎች ጋር ተዋግተው ነበር፤ በየካቲት 1509 ዲዩ ላይ ተሸነፉ። ባሕር አይታ ታውቅ እንደሆነ የማናውቃት የደጋ ንግሥት ስለ ህንድ ውቅያኖስ የያዘችው መረጃ የሊዝበን ሰዎች ከያዙት ብዙም አያንስም። ሁለተኛው፣ አለን የምትለውንና የለንም የምትለውን ለይታ አስቀምጣለች። መርከብ የለንም ማለት ለትዕቢተኛ ግቢ ከባድ ቃል ነው። ይህን ካላለች ደግሞ ሌላው ሁሉ ባዶ ጉራ ይሆን ነበር። ስንቁን ስትል ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች፤ አንዱ ምንጭ ይኸው ጎጃም ነው።

ከእሷ በፊትም ከአውሮፓ ጋር መልእክት የተለዋወጡ ነገሥታት ነበሩ። ዐፄ ይስሐቅና ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ወደ አራጎን ንጉሥ ወደ አልፎንሶ ሰው ልከዋል፤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ ከተደረገው ጉባኤ ደርሰዋል። የእነዚያ መልእክቶች ጉዳይ በብዛት ባለ እጅ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ የወዳጅነት ቃል ነበር። የእሌኒ ደብዳቤ የጦር ስምምነት ረቂቅ ነው።

ማንን እንላክ? እሌኒ የመረጠችው ማቴዎስ የሚባል አርመን ነጋዴ ነው። ብዙዎች በዚህ ይነቅፏታል፤ ምነው መነኩሴ ወይም መኳንንት ብትልክ ይላሉ። ከኢትዮጵያ እስከ ህንድ ያለውን ወደብ ሁሉ የሚጠብቁት እስላም ገዥዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ መኰንን በዚያ አይሾልክም። ነጋዴ ግን በየትም ያልፋል፤ ሰው የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው። ገበያ የምታውቁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ፦ ከሩቅ አገር እውነተኛ ወሬ የሚደርሰው በነጋዴ አፍ ነው። ምርጫዋ እስከ ህንድ ድረስ ትክክል ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማቴዎስ በህንድ ምዕራብ ዳርቻ ዳቡል ላይ ተያዘ። የፖርቱጋሎቹ አዛዥ አፎንሶ ደ አልቡከርኬ አስለቅቆ በታኅሣሥ 1512 ጎዋ ላይ በክብር፣ በመስቀል ሰልፍ ተቀበለው። የእሱ ካፒቴኖች ግን አላመኑም። መልኩ የጠበቁትን ሐበሻ አይመስል፤ አረብኛ ይናገራል፤ ደግሞ የላከችው ሴት ናት። የቱርክ ወይም የካይሮ ሰላይ ነው አሉት። ወደ ፖርቱጋል ሲወስዱት በመርከብ ላይ አንገላቱት፤ በሰንሰለትም አሰሩት። በየካቲት 1514 ሊዝበን ሲደርስ ንጉሥ ማኑኤል በታላቅ ክብር ተቀበለው፤ መስቀሉን ተንበርክኮ ተሳለመ፤ ያንገላቱትንም ካፒቴኖች ወህኒ አወረደ። አልቡከርኬና ማኑኤል አመኑት፤ ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ ተጠራጠረ። ሰው ልኮ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ነገር የሚበላሸው በመንገድ ነው።

ማኑኤል በ1515 የአጸፋ መልእክት ላከ። አምባሳደሩ ዱዋርቴ ጋልቫው ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር፤ በ1517 በቀይ ባሕር ውስጥ በከማራን ደሴት ሞተ። መርከቦቹ ወደ ህንድ ተመለሱ። በ1520 ሚያዝያ ላይ ግን ሌላ ቡድን ምጽዋ ደረሰ፦ አምባሳደሩ ሮድሪጎ ዴ ሊማ፣ ቄሱ አልቫሬዝ፣ አብሯቸውም ማቴዎስ። ከአሥር ዓመት በላይ ተንከራትቶ የተመለሰው መልእክተኛ ወደ ግቢው ሳይደርስ በደብረ ቢዘን አካባቢ ታሞ ሞተ። የላከችውን ሴት ዳግመኛ አላያትም።

ግቢውም ቢሆን ማቴዎስ የተወው ግቢ አልነበረም። ልብነ ድንግል አድጓል። በ1517 ማሕፉዝን ድል ነሥቶ አስገድሎታል፤ በዚያው ሰሞን የፖርቱጋል መርከቦች ዘይላን አቃጠሏት። ወጣቱ ንጉሥ ጠላቴን ጨረስኩ ብሎ አሰበ፤ ለምን ባዕድ እጠራለሁ? መልእክተኞቹን ከጥቅምት 1520 ጀምሮ በሰፈሩ አስቀምጦ፣ ስንት ጠመንጃ አላችሁ፣ ምን ስጦታ አመጣችሁ እያለ ጊዜ አሳለፈ። ካይሮ ግን በዚያችው በ1517 በኦቶማን ቱርኮች እጅ ወድቃለች፤ ቀይ ባሕር ላይ አዲስ ባለ መድፍ ጌታ መጥቷል። አሮጊቷ ያየችውን ወጣቱ አላየውም። ይህን ስል ከኋላ ሆኜ መፍረድ ቀላል መሆኑን አልረሳም።

እሌኒ የሞተችው አልቫሬዝ እዚያው ሳለ በ1522 ገደማ ነው። በሰፈሩ የነበረው ሐዘን ገርሞታል፤ ትንሽ ትልቁ በእሷ ሞት እኛም ሞትን፣ ለሁላችን አባትም እናትም ነበረች ይል እንደነበር ጽፏል። ከዚያ የጎጃም ግብር በቀጥታ ለንጉሡ መግባት ጀመረ። ፖርቱጋሎቹ በ1526 አገር ለቀው ሲሄዱ ጸጋ ዘአብ የሚባል ካህን የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ አብሯቸው ሄደ። ሊዝበን ውስጥ ከዳሚያኦ ደ ጎይስ ጋር ተገናኝቶ ስለ ኢትዮጵያ እምነት ነገረው፤ ንግሥት እሌኒ ሁለት መጻሕፍት እንደደረሰች ያሳወቀውም እሱ ነው።

የሆነውን ታውቃላችሁ። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የአዳሉ ኢማም አሕመድ ልብነ ድንግልን ድል ነሣ። አገሩ ተቃጠለ፤ መርጡለ ማርያምም አልተረፈችም። ንጉሡ እየተሳደደ በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት የጠራቸው እነዚያኑ ፖርቱጋሎች ነው። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ 400 ጠመንጃ ያዥ ይዞ ከምጽዋ ወጣ። እሌኒ የጠየቀችው ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው፤ እሷ ግን ጠይቃ የነበረው ተራራ የሚያህል ስንቅ ባለበት፣ ሙሉ ሠራዊት በቆመበት ጊዜ ነበር።

ክሪስቶቮን የተቀበለችው ሌላ ሴት ናት፤ የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል። በገመድ ከሚወጣበት ከደብረ ዳሞ አምባ ወርዳ አብራው ዘመተች። ክሪስቶቮ በ1542 ወፍላ ላይ ተማርኮ ተገደለ፤ በየካቲት 1543 ደግሞ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የተደረገውን ነገር በትምህርት ቤት ብዙም አንሰማውም። የሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ቀደም ሲል ተማርኮ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ውስጥ በቱርክ ፓሻ እጅ ነበር። የኢማሙ ልጅ መሐመድ ደግሞ በወይና ደጋ ተማረከ። የመሐመድ እናት ባቲ ድል ወንበራ ናት፤ የዚያ የእሌኒ ዘመኑ ማሕፉዝ ልጅ። አባቷን በ1517፣ ባሏን በ1543 ያጣች ሴት። ሁለቱ እናቶች ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ወንዶቹ አሥራ አምስት ዓመት ሲተላለቁ ቆይተው ያልቻሉትን ድርድር ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ሴቶች ፈጸሙት። ሚናስ ኋላ ነገሠ።

ዘመናዊው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተቋቋመ በኋላ ሴት ወደ ዲፕሎማሲ ሥራ የተመለሰችው በዝግታ ነው። በመካከል እቴጌ ጣይቱ አሉ፤ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ሲያከራክር በጣሊያኑ መልእክተኛ በአንቶኔሊ ፊት የቆሙበት አቋም የታወቀ ነው። በኋላም የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር ተብለው የሚጠቀሱት ወይዘሮ ዮዲት እምሩ ናቸው። የአባታቸው የራስ እምሩ ስም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ራስ ኃይሉ በ1932 ከተሻሩ በኋላ ጎጃምን የገዙት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በ1989 በሴኔጋል ጀምረው በጅቡቲ፣ በፈረንሳይ፣ በአፍሪካ ኅብረት፣ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ሠርተው በ2018 ርዕሰ ብሔር ሆነዋል። ስለ እነሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ተናጋሪ ቢናገር ይሻላል።

አንድ ክርክር ግን አለ፤ ሳልመልሰው ብወርድ ታዝኑብኛላችሁ። እሌኒ ፖርቱጋልን ባትጠራ ኖሮ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን አይመጡም፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ አይሆንም፣ ገበሬው በሃይማኖት አይተላለቅም ነበር የሚሉ አሉ። ክርክሩን አከብረዋለሁ። ምልክቱም በራሷ ቤተ ክርስቲያን ላይ አለ፦ መርጡለ ማርያምን በ1620ዎቹ በጥርብ ድንጋይ እንደገና የሠራት ኢየሱሳዊው ብሩኖ ብሩኒ ነው፤ በ1842 የመጣው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ የለካውና በጽሑፍ የገለጸው ፍርስራሽም ይኸው ነው። አባቱ በ1632 ዙፋኑን ሲለቅቅለት ኢየሱሳውያኑን ያባረረው ፋሲለደስ ነው። ከሞጣ በታች ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ የተሠራው በእሱ ዘመን ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚለው ሰው ብዙ ነው።

የእኔ መልስ ደብዳቤው ውስጥ ነው። እሌኒ መርከብ ጠየቀች፤ በልዋጩ ስንቅ፣ ተዋጊና ጋብቻ አቀረበች። ሃይማኖቴን እለውጣለሁ፣ ለሮም እገዛለሁ የሚል ቃል በደብዳቤዋ የለም። በእኩልነት፣ ክርስቲያን ለክርስቲያን ነው የጻፈችው። ያንን ዋጋ የጨመሩት ከእሷ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የጨመሩትም ዕርዳታው በጭንቅ ሰዓት፣ በልመና ስለተጠየቀ ነው። በ1509 የተጠየቀው በ1509 ተመክሮበት ቢሆን ውሉን የምትጽፈው እሷ ነበረች። በ1541 ግን ንጉሡ ሞቷል፣ አልጋ ወራሹ ይሳደዳል፣ ንግሥቲቱ አምባ ላይ ተከባለች፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚመጣ ረዳት ዋጋውን ራሱ ይተምናል።

እዚህ ላይ አበቃለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከመርጡለ ማርያም የመጣችሁ አባቶች ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የምትጨምሩት ቢኖር መጀመሪያ ለእናንተ ዕድል ይሰጥልኝ።